መነጽሩን ማን ወሰደው?

እኛ ተመልካቾች የጠየቅነው ትልቅ ነገር አልነበረም። ማታ ከሥራ ገብተን፣ ጫማ አውልቀን፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብለን አንድ ፊልም ማየት ነው የፈለግነው። ስሪዲ ቴሌቪዥን ይህችኑ ነጠቀን። ጋደም ብሎ ማየት አይቻልም። መብራት አብርቶ ማየት አይቻልም። ራስን ዘንበል አድርጎ ማየት አይቻልም። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ደስ ማለት አይቻልም፤ መነጽሩ ሁለት ነው፣ እኛ ስድስት ነን፣ እንግዳው ሰባተኛ ነው። «እናንተ እዩ፣ እኔ ይቅርብኝ» የሚሉ አባት፣ «የኔ ተራ ነው» እያለ የሚያለቅስ ልጅ፣ «መነጽሩን ማን ወሰደው?» እያለች የሶፋውን ትራስ ሁሉ የምታነሳ እናት። ፊልሙ ሳይጀመር ቤቱ ይታወካል።

ጥድፊያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ማብቂያ የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» ሲኒማ ቤቶችን ከሞላ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙን አይተን ተደንቀናል፤ አንክድም። ጫካው ወደ ውስጥ ይርቅ ነበር፤ አመዱ ፊታችን ላይ የሚበን ይመስል ነበር። በ2010 ግን የቴሌቪዥን አምራቾች ያንን መደነቅ በካርቶን አሽገው ሳሎናችን ሊያስገቡ ተሽቀዳደሙ። አሜሪካ ውስጥ ኢኤስፒኤን የስሪዲ ቻናሉን የከፈተው የደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ በተጀመረበት ዕለት ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ስካይ የራሱን ከፈተ። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድም ቴሌቪዥን ሲያመጣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ምልክት በጣቱ እያሳየ «ስሪዲ ነው!» ማለት ጀመረ። እኛም ጥሩ ነገር መጣ ብለን እሺ አልን።

በመነጽሩ ልጀምር፤ ጣጣው የሚጀምረው ከእሱ ስለሆነ። ያኔ በብዛት የተሸጡት ቴሌቪዥኖች መነጽር ተራ መስተዋት አይደለም። በእያንዳንዱ ዓይን ፊት ፈሳሽ ክሪስታል ያለበት መዝጊያ አለው። በኤሌክትሪክ ይጨልማል፣ በኤሌክትሪክ ይገለጣል። ቴሌቪዥኑ የግራውን ዓይን ምስል ሲያሳይ የቀኙ መዝጊያ ይጨልማል፤ የቀኙን ሲያሳይ የግራው ይጨልማል። ይህ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይፈራረቃል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን 60 ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ስለሚሠራ ባትሪ ይፈልጋል። ባትሪ ስላለው ይከብዳል። ስለሚከብድ አፍንጫችን ላይ ቀይ ምልክት ትቶ ይነሣል። ባትሪው የሚያልቀው ደግሞ ፊልሙ ሲጀመር አይደለም፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊታወቅ ሲል ነው።

ዋጋውስ? በ2010 አንዱ መነጽር ብቻውን ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። ለስድስት ሰው መነጽር የሚያስገዛው ገንዘብ ሌላ ቴሌቪዥን ያስገዛል። ጎረቤት የራሱን መነጽር ይዞ ቢመጣ ይሻል ነበር፤ እሱም አይሆንም፤ የአንዱ ኩባንያ መነጽር በሌላው ኩባንያ ቴሌቪዥን አይሠራም። ቴሌቪዥኑ ለመነጽሩ «አሁን ግራ፣ አሁን ቀኝ» እያለ የሚልከውን የኢንፍራሬድ ምልክት እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ መንገድ ስለሠራው ነው። መነጽሩ ያው መነጽር፣ ዓይኑም ያው ዓይን ሆኖ ምልክቱ ብቻ ይለያያል። ፓናሶኒክ፣ ሳምሰንግ፣ ሶኒና ኤክስፓንድ ተስማምተው አንድ የጋራ ደረጃ እናወጣለን ያሉት በኦገስት 2011 ነው፤ እኛ ገዝተን ካበቃን በኋላ።

ኢንፍራሬዱ ራሱ እንደ ሪሞት ነው፤ ፊቱ ሰው ከቆመ ይቋረጣል። ልጁ ፈንዲሻ ይዞ ሲያልፍ መነጽሩ ምልክቱን ያጣል፤ መዝጊያው ሥራውን ይተዋል፤ ምስሉ ይደራረባል። ሁሉም በአንድ አፍ «ዞር በል!» ይላል። ልጁ ምን አጠፋ? በገዛ ቤቱ ሳሎን ነው ያለፈው።

የዓይን መነጽር የምናደርግ ሰዎች ሥቃይ ደግሞ ለብቻው ነው። ከሥር የራሳችን መነጽር፣ ከላይ የቴሌቪዥኑ። የላይኛው በታችኛው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሲፋተጉ የራሳችን መስተዋት ይጫራል። እስትንፋሳችን በመካከላቸው ገብቶ ጉም ይሠራል። አንዱን ጣት አፍንጫ ላይ አድርጎ የላይኛውን እየደገፉ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚሄድ ፊልም መጨረስ ምን እንደሆነ ያደረገው ያውቀዋል። ይህንንም እሺ አልን።

ጥላው ግን አለ። በነጭ ግድግዳ ፊት ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ሲቆም ከትከሻው ጎን ሌላ የደበዘዘ ትከሻ ይወጣል። የመንገድ መብራት ሲታይ አጠገቡ መንታው ይበራል። የፊልሙ ስህተት ይመስለን ነበር፤ አይደለም፤ የስክሪኑ ጠባይ ነው። ኤልሲዲ ስክሪን ምስሉን በአንድ ቅጽበት አይቀይርም። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እየጻፈ ይወርዳል፤ ባለ 1080 መስመር ከሆነ የመጨረሻው መስመር ተራ እስኪደርሰው የመጀመሪያው ተጽፎ ቆይቷል። እያንዳንዷ ነጥብ አዲስ ትእዛዝ እስኪመጣላት ያለፈውን ይዛ ትቆያለች። በዚያ ላይ የፈሳሽ ክሪስታሉ ሞለኪውሎች ዙሩ ሲባሉ ወዲያው አይዞሩም፤ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ይወስድባቸዋል። በሴኮንድ 120 ምስል ማለት ደግሞ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 8.3 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። እናም የስክሪኑ አናት የቀኝ ዓይንን ምስል መጻፍ ሲጀምር ግርጌው ገና የግራውን እንደያዘ ነው። በዚህ መሀል መዝጊያው ከተከፈተ ቀኝ ዓይን ለእሱ ያልታሰበውን ያያል። ጥላው ይኸው ነው። በክረምት ማታ ደግሞ ይብሳል፤ ፈሳሽ ክሪስታል ሲበርደው እንቅስቃሴው ስለሚዘገይ ቴሌቪዥኑ እስኪሞቅ ድረስ መንታው ጎልቶ ይታያል።

አምራቾቹ ችግሩን ያውቁት ነበር፤ መፍትሔም አበጁለት። ስክሪኑ በፍጥነት እንዲጻፍ አደረጉ። ከኋላ ያለው መብራት ምስሉ እስኪረጋ እንዲጠፋ አደረጉ። መዝጊያውም ምስሉ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ባለቀበት ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲከፈት አደረጉ። ጥላው ቀነሰ፤ ብርሃኑም አብሮት ቀነሰ። አስቡት፤ መዝጊያው ለአንድ ዓይን ቢበዛ ግማሹን ጊዜ ነው ሊከፈት የሚችለው። ጥላውን ለመሸሽ ከዚያም ያነሰ ይከፈታል። ሲከፈትም ብርሃኑን ሁሉ አያሳልፍም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ደማቅ ቴሌቪዥን የምሽት ፊልም ሲመጣ ጨለማ ጉድጓድ ይሆናል። «መጋረጃ ዝጉ» ይባላል፤ እንዘጋለን። «መብራት አጥፉ» ይባላል፤ እናጠፋለን። ቡና የያዘ ሰው በጨለማ ሲገባ ከጠረጴዛው ጥግ ጋር ይላተማል።

መብራቱን ላለማጥፋት ብንጨክንስ? ያም ሌላ መከራ ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ዑደት ነው የሚሠራው፤ በአሮጌው ባላስት የሚሠራ ረጅሙ ነጭ የፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ባዶ ዓይናችን አያስተውለውም። መነጽሩ ግን በሴኮንድ 60 ጊዜ እየተከፈተ እየተዘጋ ከዚያ መብራት ጋር ምት ሊገጥም አይችልም፤ ስለዚህ ግድግዳው፣ መደርደሪያው፣ የሰዉ ፊት ሁሉ ሲርገበገብ ይታየናል። መነጽሩን አውልቀን ሰዓት ለማየት ዞር ስንል እንኳ ዓይናችን እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስዳል።

ጋደም ማለቱንም ልንገራችሁ። የኤልሲዲ ብርሃን ከስክሪኑ ሲወጣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወዛወዝ ነው፤ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ፖላራይዘር ስለሚያስገድደው። የመነጽሩም መስተዋት ፖላራይዘር አለው። ቀጥ ብለን ስንቀመጥ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ በጎን ስንጋደም ይጣረሳሉ፤ በብዙዎቹ መነጽሮችም ምስሉ ይጨልማል። ይህ ተስተካከለ እንበል፤ አሁንም አልዳንም። ሁለቱ ምስሎች የተለያዩት ወደ ጎን ነው፣ ሁለቱ ዓይኖቻችን ጎን ለጎን ናቸውና። ስንጋደም ግን አንዱ ዓይን ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናል፤ ምስሎቹ አይገናኙም። ስለዚህ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ግዴታ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቀጥ ብሎ የዋለ ሰው ማታም ቤቱ ገብቶ ቀጥ ይላል። እሺ፣ ቀጥ እንላለን አልን።

በ2011 ኤልጂ በሌላ መንገድ መጣ፤ እውነት ለመናገር የእሱ መነጽር ቀላል ነበር፣ ባትሪ የለው፣ ርካሽ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ። ደስ አለን። ደስታችን ግን ቶሎ ተሸረፈ። የዚህ ስክሪን ጎዶሎ መስመሮች ለአንዱ ዓይን፣ ሙሉ መስመሮች ለሌላው ዓይን ናቸው፤ ከፊቱ የተለጠፈ ስስ ሽፋን የየመስመሩን ብርሃን በተለያየ መንገድ ያሽከረክረዋል። ስለዚህ ከ1080 መስመር ለእያንዳንዱ ዓይን የሚደርሰው 540 ነው። ሙሉ ጥራት ተብሎ ተገዛ፣ ግማሹ ተሰጠ። ያ ሽፋን ደግሞ ከመስመሮቹ ጋር የሚገጥመው በትክክለኛው ከፍታ ለሚያይ ሰው ነው። ሶፋ ላይ ያለው ደህና ያያል። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ልጅ መንታ ያያል። ከኋላ ቆማ የምታይ እህትም መንታ ታያለች። የሠሩት ሰዎች አንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት ነበረባቸው። እኛ ዘንድ የሚቀመጠው ሶፋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ፍራሽ ላይ፣ ዱካ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ በር ተደግፎ ነው።

ሲኒማ ቤት ሄደን እንገላገላለን ያልንም አለን። ለተራ ፊልም ስክሪኑ ላይ ሊኖር የሚገባው ብርሃን በባለሙያዎቹ መለኪያ 14 ፉት ላምበርት ነው። ለስሪዲ ግን 4.5 ያህል ይበቃል ተብሎ ተወሰነ፤ ከሲሶው ጥቂት ዝቅ ያለ ማለት ነው። ትኬቱ ይጨምራል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል። ብርሃኑ ፖላራይዝ እንደሆነ እንዲመለስ ስክሪኑ በብር ቀለም ይቀባል፤ የብር ስክሪን ደግሞ መሀሉ ይደምቃል፣ ዳሩ ይደበዝዛል፤ ጥግ የተቀመጠ ሰው መልካሙን ብርሃን አያገኝም። በር ላይ የሚሰጡን መነጽርም ከእኛ በፊት የስንቱ ጣት አርፎበታል። በሸሚዛችን ጫፍ እንጠርገዋለን፤ የጣት አሻራው ሄዶ ጭረቱ ይቀራል። ጭረቱ በእያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ፀሐይ ይሠራል።

የሚታየውስ ምን ነበር? በ2010 «ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ» በተራ ካሜራ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ወደ ስሪዲ ተቀየረ፤ ሰዎቹ ከካርቶን ተቆርጠው የቆሙ ይመስሉ ነበር። ቴሌቪዥኖቹም ማንኛውንም ፊልም ወደ ስሪዲ የሚቀይር ቁልፍ ተጨመረላቸው፤ ቁልፉ ሲጫን የዜና አንባቢው አፍንጫ ከጆሮው ጋር እኩል ይሆናል። ዋናው ፊልም፣ ቴሌቪዥኑን ያስገዛን «አቫታር»፣ በስሪዲ ብሉሬይ ከ2010 ማብቂያ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ የሚገኘው ከፓናሶኒክ ዕቃ ጋር ብቻ ነበር። የሌላ ኩባንያ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ፊልሙ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ እስከ 2012 መጠበቅ ነበረበት። ይህ የቴክኒክ ችግር አይደለም፤ የንግድ ስምምነት ነው። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢያንስ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የሚደረግ ትግል ነበር።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ እሺ ያልነው እኛ ነን። ዓይናችን ግን እሺ አላለም።

አንድ ነገር ሲቀርበን ዓይናችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ሁለቱም ዓይኖች ወደ አፍንጫ ይዞራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሌንስም ለቅርቡ ነገር ራሱን ያስተካክላል። ሁለቱ ሥራዎች ከሕፃንነታችን ጀምሮ አንዱ ሌላውን እየጎተተ አብረው የኖሩ ናቸው። ስሪዲ ስክሪን ያጣላቸዋል። ዘንዶው ከፊታችን በግማሽ ሜትር ላይ ነው ተብሎ ዓይኖቻችን ይዞራሉ፤ ብርሃኑ ግን የሚመጣው ሦስት ሜትር ርቆ ካለው ስክሪን ነውና ሌንሱ እዚያው መቆየት አለበት። ዓይኑ ዞሮ ሌንሱ አይከተልም፤ ሌንሱ ልከተል ሲል ምስሉ ይደበዝዛል፤ ተመልሶ ይስተካከላል፣ ደግሞ ይጎተታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ስንወጣ ግንባራችንን እንይዛለን፣ የሚያቅለሸልሸውም አለ፣ መኪና ሳያስነሣ ጥቂት የሚቀመጥም አለ።

ይህ ደግሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። ለሁለት ዓይን ሁለት ምስል መስጠት ጥልቀት እንደሚፈጥር ቻርልስ ዊትስተን ለንደን ውስጥ በመስተዋት ያሳየው በ1838 ነው። የዓይንና የሌንሱ ጠብ ራሱ ድካም እንደሚያመጣም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የማርቲን ባንክስ ቡድን በ2008 በሙከራ አሳይቷል፤ ቴሌቪዥኖቹ ገበያ ከመውጣታቸው ሁለት ዓመት በፊት። ታውቆ ተሸጠልን። ራሳችንን ሲያመን «ስላልለመዳችሁ ነው» ተባልን። አንድ ዓይናቸው የደከመ ወይም ዓይናቸው የሸወረረ ሰዎችም አሉ፤ ለብዙዎቹ በሁለት ምስል የሚሠራ ጥልቀት ፈጽሞ አይታያቸውም። ለእነሱ ስሪዲ ማለት መነጽር፣ ጨለማና ተጨማሪ ክፍያ ብቻ ነው፤ በሳሎን ሲቀመጡ ግን ሌሎቹ «አየኸው? አየኸው?» ይሏቸዋል።

በትርጉም ጽሑፍ ፊልም ለምናይ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ፣ ተናጋሪው ከስክሪኑ ወደ እኛ ወጥቶ ይቆማል። ከኋላ ያለው ጽሑፍ ከፊት ያለውን ሰው ደረት ይሸፍናል። ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ አእምሯችን ሊያስታርቀው ይሞክራል፣ አይችልም። አንድ መስመር ለማንበብ ዓይን ወደ ኋላ፣ ፊት ለማየት ወደ ፊት፣ ደግሞ ወደ ኋላ። አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ተመልካች ይህ አይገባውም፤ ለእኛ ግን እያንዳንዱ ንግግር ነው።

መነጽር የሌለው ስሪዲ ሲመጣ ተስፋ አደረግን። በ2011 ኒንቴንዶ 3ዲኤስ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ አወጣ። ከስክሪኑ ጋር ተጨማሪ የፈሳሽ ክሪስታል ንጣፍ አለው፤ ሲበራ ቀጫጭን ጥቁር ዘንጎች ይሠራል፣ በዘንጎቹ መካከል ባለው ክፍተት ግራ ዓይን የራሱን ረድፍ፣ ቀኝ ዓይን የራሱን ረድፍ ብቻ ያያል። ብልህ ሥራ ነው፤ አደንቃለሁ። ግን 800 ነጥብ ወደ ጎን ያለው ስክሪን ለእያንዳንዱ ዓይን 400 ብቻ ይሰጣል። ዘንጎቹ ብርሃኑን ይበላሉ። እጅ ትንሽ ከተዛነፈ ምስሉ ይሰበራል፤ ጨዋታው ደግሞ እጅን የሚያንቀሳቅስ ጨዋታ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስሪዲውን እንዳያዩ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ከጎኑ ስሪዲውን የሚያጠፋ መግፊያ ነበረው፤ ልጆቻችን ወደ ታች ገፍተው እዚያው ተዉት። በ2013 ኩባንያው ራሱ ያንኑ መጫወቻ ያለ ስሪዲ፣ በርካሽ፣ 2ዲኤስ ብሎ ሸጠ።

ለትልቅ ቴሌቪዥን ደግሞ በስክሪኑ ፊት ረድፍ ረድፍ ትናንሽ ሌንሶች ይለጠፋሉ። ለተለያየ መቀመጫ የተለያየ ምስል ለማድረስ ስምንት ወይም ዘጠኝ እይታ ይዘጋጃል፤ ያሉት ነጥቦች ለዘጠኝ ይካፈላሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ገብሬል ሊፕማን ይህን የሌንስ ሐሳብ ፓሪስ ላይ ያቀረበው በ1908 ነው። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ አሁንም አንድ እርምጃ ወደ ግራ ስንል ተዋናዩ ይዘላል።

ገበያውም ተዘጋ። ኢኤስፒኤን የስሪዲ ቻናሉን በ2013 ዘጋ። ቢቢሲ በዚያው ዓመት ሙከራውን አቆመ። ስካይ በ2015 ተከተለ። በ2017 ኤልጂና ሶኒም ስሪዲውን ከቴሌቪዥኖቻቸው አወጡ። ማንም መጥቶ መነጽሩን አልተረከበንም። አሁንም በየመሳቢያው፣ ከአሮጌ ቻርጀርና ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር ተቀምጧል።

ፈሳሽ ክሪስታሉን አንወቅሰውም። ፍሬድሪክ ራይኒትዘር በ1888 ፕራግ ላይ ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ የሚመስል እንግዳ ነገር ካየ ጀምሮ ይህ ቁስ ብዙ አገልግሎናል፤ ስልካችንም፣ የእጅ ሰዓታችንም፣ የሂሳብ ማሽናችንም በእሱ ነው። እንዲያውም መድኃኒቱ ከእሱ ሊመጣ ይችላል። በ2019 ያኔ ፌስቡክ ይባል የነበረው ኩባንያ «ሃፍ ዶም 3» የተባለ የሙከራ መነጽር አሳይቶ ነበር። በውስጡ ስድስት ድርብርብ የፈሳሽ ክሪስታል ሌንሶች አሉ፤ እያንዳንዱ በኤሌክትሪክ ይቀየራል፤ ስድስቱ በተለያየ አኳኋን ሲጣመሩ 64 የትኩረት ርቀት ይሰጣሉ። ዓይናችን ቅርብ ሲያይ ሌንሱም ቅርብ ይሆናል። ዓይንና ሌንስ የሚታረቁት እንዲህ ነው። ግን ለሙከራ የተሠራ ነው፤ ሱቅ አልደረሰም። ሱቅ የደረሱት ሌሎች ናቸው፤ በ2024 የወጣው የአፕል ቪዥን ፕሮ ፊታችን ላይ ከ600 ግራም በላይ ይጭናል። በካሜራ ዓይናችንን የሚከታተሉ መነጽር አልባ ስክሪኖችም ወጥተዋል፤ ጥሩ ያሳያሉ፣ ለአንድ ሰው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የተበላሸ ምስል ያያል። በእኛ ቤት ቴሌቪዥን የሚያይ አንድ ሰው የለም።

ለአምራቾቹ የምንለው አጭር ነው። ጥላው ምን ያህል እንደሆነ፣ ብርሃኑ ከምን ወደ ምን እንደሚወርድ፣ ስንት ሰው ከየትኛው ቦታ ሊያይ እንደሚችል ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ስትሞክሩት መነጽር ባደረገ ሰው፣ ምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ልጅ፣ ጽሑፍ እያነበበ በሚያይ ሰው ሞክሩት። የዓይንና የሌንሱን ጠብ ሳትፈቱ «አዲሱ ስሪዲ» ብላችሁ አትምጡብን።

እናንተ አንባቢዎችም ሱቅ ገብታችሁ እንዲህ ያለ ስክሪን ስታዩ ሻጩ በቆመበት ቦታ አትቁሙ። ወደ ጎን ሂዱ፣ ዝቅ በሉ፣ አንገታችሁን አዘንብሉ፣ አብሯችሁ ያለው ሰውም በዚያው ጊዜ ይይ፤ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመ ጥቁር ልብስ ያለበት ትዕይንት አስከፍቱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ካላያችሁ አትግዙ።